አይቶ ማለፍና ሳያዩ ማለፍ

ዲሲን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ፔንሲልቫኒያ አቬኑ ላይ ከንቲባው የሚሠሩበት ዊልሰን ቢልዲንግ ደጃፍ በ2018 የቆመ የነሐስ ሐውልት አለ። የማሪዮን ባሪ ነው። አራት ጊዜ ከንቲባ ሆኖ የተመረጠ ሰው ነው፣ በመሃል ደግሞ እስር ቤት ገብቶ የወጣ። መራጭ የዕጩን የድሮ ነውር አይቶ ይለፍ ወይ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብኝ እሱ ነው። እኔ ከተማውን ያወቅኩት ታክሲ ስነዳ ነው፣ ባሪንም ያወቅኩት በታክሲ ነው።

እንደመጣሁ ሰሞን አንድ ማታ አንዲት ጥቁር ሴትዮ ጫንኩ፣ በእድሜ እናቴን የሚያክሉ፣ ቤታቸው አናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ነው፣ ያኔ ሲመሽ ብዙ ሹፌር ወደዛ አልሄድም ይል ነበር (እኔም ደስ ብሎኝ አልሄድኩም፣ እውነቱን ልናገር)። ቶማስ ሰርክል ጋ መብራት ሲይዘን በጣታቸው አንድ ትልቅ ሆቴል አሳዩኝና ባሪን ያጠመዱት እዛ ነው አሉኝ። እኔ ከስሙ በቀር ምኑንም አላውቅም ነበር፣ እቤት ገብቼ ነው ያነበብኩት። በጃንዋሪ 1990 ሰውዬው ከንቲባ ሆኖ እያለ ኤፍቢአይ አንዲት የድሮ ወዳጁን ተጠቅሞ ሆቴል ክፍል ውስጥ ክራክ ኮኬይን ሲያጨስ በድብቅ ካሜራ ቀርጾ ያዘው። ቪዲዮውን አገር ምድሩ በቴሌቪዥን አየው። ከ14 ክስ ጥፋተኛ የተባለው በአንዱ ነው፣ ዕፅ ይዞ በመገኘት፣ 6 ወር ተፈረደበት። በ1992 ወጣ፣ በዛው ዓመት ወንዝ ማዶ ያለው የዋርድ 8 (ዋርድ የምርጫ ክልል ነው) ሕዝብ የከተማው ካውንስል አስገባው፣ በ1994 ደግሞ ዋርድ 3 ያሉት ነጮች ባብዛኛው ሳይመርጡት ከንቲባ ሆኖ ተመለሰ።

ሴትየዋን ታዲያ እንዴት መረጣችሁት ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ልጄ የመጀመሪያ ደሞዙን ያገኘው በሱ ነው አሉኝ። ባሪ ገና በ1979 ስልጣን እንደያዘ ለከተማው ወጣቶች የክረምት ሥራ ፕሮግራም ጀምሮ ነበር፣ ዛሬም አለ፣ በስሙ ነው የሚጠራው። ከዛ ሒሳብ እየከፈሉኝ አንድ ነገር ጨመሩ፣ ያረገውን እኮ ሁላችንም አይተናል፣ የቀረን ነገር የለም፣ አይተን ነው የመረጥነው አሉኝ።

ይሄን ስል ባሪ ጥሩ አስተዳደረ ማለቴ አይደለም። በተመለሰ ማግስት ከተማው ካዝናው ተራቁቶ (ሁሉም የሱ ጥፋት ባይሆንም) ኮንግረስ በ1995 የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ቦርድ ጫነበት፣ በ1997 ደግሞ አብዛኛውን ስልጣኑን ነጥቆ ለቦርዱ ሰጠው። በ2005 እንደገና ግብር ባለማስታወቅ ጥፋተኛ ነኝ ብሏል። ያለፈው አልፏል ያለ መራጭ ሒሳቡ አንዳንዴ ቆይቶ ነው የሚመጣበት።

እኛስ ሐበሾቹ? እኛማ በ2008 ከንቲባ ኤድሪያን ፌንቲ የታክሲውን የዞን ታሪፍ አንስቶ ሜትር ሲያስገባብን ሥራ አቁመን ጮኸናል። ዞን ማለት ከተማው በካርታ ተከፋፍሎ ስንት ዞን አቋረጥክ ተብሎ የሚከፈልበት ነው፣ የለመድነው እንጀራችን ነበር። ፌንቲ ወጣት ነው፣ ስፖርተኛ ነው፣ የባሪ ዓይነት ጉድ አልተሰማበትም፣ በ2010 ሲሸነፍ ግን ሐበሻ ሹፌር ጮቤ ረገጠ፣ ሲትዝን ሳልሆን ድምፅ ሳልሰጥ እኔም አብሬ ረገጥኩ። ያሸነፈው ቪንሰንት ግሬይ ብዙም ሳይቆይ የዛው ምርጫ ዘመቻው በድብቅ ገንዘብ ተረድቷል ተብሎ ተመረመረ፣ እሱ ራሱ ባይከሰስም አብረውት የሠሩ ሰዎች ጥፋታቸውን አምነዋል። ከኛ ውስጥ ስለ ማንም ባህሪ የጠየቀ አልነበረም፣ ታሪፉን ነው ያየነው።

አገር ቤትማ መች ለዚህ በቃን። ግንቦት 7 ቀን 1997 በኛ አቆጣጠር ጉለሌ በሌሊት ተነስቼ ተሰልፌ መርጫለሁ። የመረጥኩት ሁለት ጣት ነው፣ የቅንጅትን ምልክት። ዕጩው ማን ነው፣ እንዴት ኖረ፣ ማንን በደለ፣ አላውቅም፣ ስሙን ራሱ እዛው ወረቀቱ ላይ ነው ያነበብኩት። አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ሲወስድ ሰፈሬ ውስጥ ስለ አንዱ ዕጩ የግል ኑሮ ያነሳ ሰው አልሰማሁም። ይሄንን ነውር አይቶ ማለፍ ልለው አልችልም፣ ያላየኸውን ምኑን ታልፈዋለህ። የምናውቀው ካለም በሹክሹክታ ነው፣ ሹክሹክታ ደግሞ ሰውየው መልስ የሚሰጥበት ወንበር የለውም።

ዕድር ላይ ግን ሌላ ሰዎች ነን። ልጅ ሆኜ ከናቴ ጋር የሰፈር ዕድር ስብሰባ ሄጄ ነበር፣ ገንዘብ ያዡ አርጅተው ስለለቀቁ ምትክ ይመረጥ ተባለ። አንዱ ተነስቶ አንድ ጎረቤታችንን ጠቆመ፣ ስማቸው ይቅርና ጋሼ ልበላቸው። ድንኳኑ ጸጥ። አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ፣ ሰብሳቢው መዝገቡን ገለጥ ከደን አረጉና ሌላ ጥቆማ? አሉ። ሌላ ሰው ተጠቆመ፣ እጅ ወጣ፣ አለቀ። ጋሼ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሽከረክራሉ። ስንመለስ ምነው እማዬ ስላት፣

"ድሮ ሲጠጣ ሚስቱን ይደበድብ ነበር።"

"አሁንም?"

"አሁንማ ትቷል፣ ንስሐ ገብቷል፣ ቤተክርስቲያን ሳሚ ነው።"

"ታዲያ?"

"አርፈህ ተራመድ!"

ለብዙ ዓመት ጋሼ ተበደሉ ብዬ ነበር የማስበው፣ አሜሪካ ቢሆን ተነስተው አዎ አድርጌዋለሁ ትቼዋለሁ የማለት እድል ያገኙ ነበር እያልኩ። አሁን ሳስበው ግን የምትታየኝ ሚስትየዋ ናት። እዛው ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር። እሷን የጠየቃት የለም። ባሪ በካሜራ የታየበትን ጉድ ያጨሰው በራሱ ሳንባ ነው፣ የተመታች ሴት ያለችበት ነገር ላይ ግን እኔ መራጩ ምን አግብቶኝ ነው አልፌዋለሁ የምለው? ዳዊትም በድሎ ንጉሥ ሆኖ ቀጥሏል የሚሉ አሉ፣ ልክ ነው፣ ናታን ግን ፊት ለፊት መጥቶ ነግሮታል፣ ኦርዮም ሞቶ ነበር፣ ለኦርዮ ማን ይቅር ይበልለት? የትራምፕን እንኳ አላነሳም፣ በሜይ 2024 በ34 ክስ ጥፋተኛ ተብሎ በኖቬምበር ተመረጠ፣ ስለሱ ከጀመርን ክትፎው ይቀዘቅዛል።

ባለፈው እዚህ ሜሪላንድ ያለው ዕድራችን ኮሚቴ ሲመርጥ አንዱ ዕጩ ማይኩን ያዘና "ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከኔ ስሙት፣ ከዓመታት በፊት ጠጥቼ ስነዳ ተይዤ ዲዩአይ አለብኝ፣ ፍርድ ቤት ቀርቤያለሁ፣ ክላሱንም ጨርሻለሁ፣ ከዛ ወዲህ አልቀመስኩም" አለ። አዳራሹ ያቺን የድሮዋን ድንኳን ሆነ። ከኋላ አንድ አባት "ተው ልጄ፣ ይሄ ምን ሊሆን ይነገራል" አሉት፣ በማዘን ነው እንጂ በክፋት አይደለም። ድምፁ ሲቆጠር በ9 ድምፅ ልዩነት ተሸነፈ። ፓርኪንግ ላይ አገኘሁትና ዝም ብትል ታሸንፍ ነበር እኮ አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝና የኋላውን በር ዘጋው። ሦስት አዛውንቶች ቀበቶ አስሮ አስቀምጧል፣ ወደየቤታቸው ሊያደርሳቸው፣ አንደኛው ቅድም ተው ልጄ ያሉት አባት ናቸው።