«ቀጥል፣ እየሰማሁህ ነው»

ትናንት ከአንድ ወዳጄ ጋር ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን ስለ ቤት ኪራዬ መናር ሳወራው፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል «ቀጥል፣ እየሰማሁህ ነው» አለኝ። እውነት ለመናገር አልዋሸም። እንግሊዞች ድምፅ ሳይጋበዝ ጆሮ ሲገባ «ሂር»፣ ሰው ፈልጎ ጆሮውን ሲያቀና ደግሞ «ሊሰን» ይላሉ፤ ወዳጄም የማኪያቶውን ማሽን ጩኸት ሂር እንደሚያደርገው ሁሉ እኔንም ሂር እያደረገኝ ነበር። እኛም መስማትና ማዳመጥ አሉን፤ ነገር ግን መስማትን ከመታዘዝ ጋር ስላዛመድነው፣ «ይህ ልጅ አይሰማም» የምትል እናት ልጇን ወደ ጆሮ ሐኪም አትወስደውም።

እንግሊዝኛ ከተነሣ የቆየ ቂም አለብኝ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን፣ ምክርን ወይም ማስጠንቀቂያን ከቁም ነገር መቁጠር ማለት የሆነውን «ሂድ» የተባለ የእንግሊዝኛ ቃል፣ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው ሦስት ጊዜ ጮኹበት። ደብተሬን ሰብስቤ ሄድሁ። በማግስቱ ወላጅ አምጣ ተባልሁ፤ የተባለውን ከቁም ነገር የቆጠረ ተማሪ ከእኔ ሌላ በዚያ ክፍል እንዳልነበረ ግን እስከ ዛሬ ያመነልኝ የለም።

ደግሞ እንግሊዛዊው ትኩረትን «ይከፍላል»፤ ስፔናዊው «ያበድራል»፤ እኛ ጆሮ እንሰጣለን፣ ሲብስም ልብ እንላለን። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» የሚለውን ተረት የምወደው ትኩረትን ከዓይንም ከጆሮም ነጥቆ ለልብ ስለሚያስረክብ ነው። ስብሰባ መገኘትን «አቴንድ» የሚሉበት ቃልም ሥሩ ላቲን ሲሆን፣ ወደ አንድ ነገር መዘርጋት ማለት ነው፤ በእኛ ስብሰባዎች ግን ተሰብሳቢው የሚዘረጋው እጁን ብቻ ነው፣ ያውም ወደ አበል መፈረሚያው። ይህስ ያስቃል። ባለጉዳይ መስኮት ሥር ቆሞ ያንኑ አቤቱታ ሦስቴ ሲደግም፣ ሠራተኛው ስልኩን እያየ «እሺ፣ እሺ» ማለቱና በመጨረሻ «ጉዳይዎ ምን ነበር?» ብሎ መጠየቁ ግን አያስቅም፤ ይህ ሂርም ሊሰንም አይደለም፣ ንቀት ነው።

ስለ ኪራዩ ነበር የጀመርሁት። ይህን ሁሉ በልቤ ሳወጣና ሳወርድ ወዳጄ ለካ ስልኩን አስቀምጦ የራሱን አከራይ ጉድ እየነገረኝ ኖሯል። «እየሰማኸኝ ነው?» አለኝ።

«ቀጥል» አልሁት።