ፊርማዬ ከሥሩ አለ

አንድ ወጣት እውነት በመናገሩ ከሥራ ተባረረ። ቆሜ አየሁ። ማየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ፤ በተባረረበት ቃለ ጉባኤ ግርጌ ሦስተኛው ፊርማ የእኔ ነው። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ተቆጥቼ ስናገራችሁ ከላይ ሆኜ አይደለም።

ወጣቱ 24 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት። "ተጠቂ" አትበሉብኝ፤ ያጠቃው ሌላ ነው፤ እሱን እነግራችኋለሁ። እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ በሙከራ ተቀጠረ። እሱ ሲመጣ መዝገብ ቤቱ የወረቀት ክምር ነበር። አንድ ፋይል ለማግኘት ሁለት ሰው ግማሽ ቀን ይፈልጋል፤ ሲታክታቸው "የለም" ይባልና ባለጉዳይ ይመለሳል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ቁጥሩን ስትነግሩት ተነስቶ ሄዶ ይዞት ይመጣ ጀመር። በማስመሪያ ያሰመረውን ሠንጠረዥ ከበሩ ጀርባ ለጠፈው፦ መደርደሪያ፣ ረድፍ፣ ሳጥን፣ ቁጥር። የፊደሎቹ ቁመት እንኳ አንድ ዓይነት ነበር። ፋይል ወስዶ ስሙንና ሰዓቱን ሳይጽፍ የሚወጣ ሰው ካለ፣ አለቃም ይሁን ተላላኪ፣ መዝገቡን ይዞ ተከትሎት ይሄዳል። ይህ አንዳንዶችን ማናደዱ አልቀረም።

ሰላምታው አጭር ነው። ሲያናግራችሁ ዓይናችሁን አያይም። አንድ ቀን ወደ ኮርኒሱ እያመለከተ "ጋሼ፣ ይኼ መብራት ይጮኻል" አለኝ። ቀና ብዬ አየሁ፤ ነጭ ፍሎረሰንት ነው፤ ምንም አልሰማሁም። ማታ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ተመልሼ ከሥሩ ቆምኩ። ጥዝዝ ይላል። ቀጭን፣ የማያቋርጥ ድምፅ። እሱ ቀኑን ሙሉ ይህ ድምፅ ጭንቅላቱ ውስጥ እየጮኸ ነው ለካ የሚሠራው። በማግስቱ "አስቀይርልሃለሁ" አልኩት። ሲጠይቀኝ "እሺ፣ እሺ" እላለሁ። አላስቀየርኩም።

ማክሰኞ ጠዋት የክፍል ኃላፊው ሰብስቦን "ባለጉዳይ ከጠየቃችሁ በሂደት ላይ ነው በሉ" አለን። ወጣቱ እጁን አወጣና "በሂደት ላይ ነው ማለት ምን ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ሳቅን። የመለሰለት ሰው ግን የለም። ለምን ይመልስለት? ትርጉሙን ሁላችንም እናውቃለን፤ "ተመላለሱ፣ እኛ አልነካነውም" ማለት ነው።

አምስት ሰዓት ላይ ስንት ወር የተመላለሱ አንዲት እናት መጡና "ልጄ፣ ፋይሌ የት ደረሰ?" አሉት። እሱም መለሰላቸው፦ "እማማ፣ ሂደት ላይ አይደለም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከግራ ሁለተኛው ክምር፣ ከላይ ሦስተኛው።" እናትየው ቀጥ ብለው ወደ ኃላፊው ቢሮ ገቡ። ከግራ ሁለተኛው ክምር፣ ከላይ ሦስተኛው ነበር።

ኃላፊው እየጮኸ ወጣ። ፊቱን ወጣቱ ፊት ላይ ደቅኖ፣ እኔ እዚህ የማልደግመውን ቃል እየደረደረ፣ በመጨረሻ "ከፊቴ ዞር በል!" አለው። ወጣቱ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ከፊቱ ዞር አለና ከኋላው ቆመ። የታዘዘውን አደረገ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ፈገግ አልኩ። እሱ ግን ወደ ግድግዳው ዞሮ እየተወዛወዘ "ከላይ ሦስተኛው፣ ከላይ ሦስተኛው" ይል ነበር፤ ያንን ሳይ ፈገግታዬ ፊቴ ላይ እንደ ደረቀ ትዝ ይለኛል። ሄጄ እጁን ባልይዝ እንኳ "ሰዎች፣ ዝም በሉ" ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ከዚያ ኮሚቴ ተቀመጠ። የምዘና ቅጹ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። የሥራ ጥራት 5 ከ5። ሰዓት አክባሪነት 5 ከ5። ንብረት አያያዝ 5 ከ5። ተግባቦት 1። ምክንያቱም ተጽፏል፦ "ከሥራ ባልደረቦችና ከባለጉዳዮች ጋር መግባባት ባለመቻሉ።" ከባለጉዳዮች ጋር! ያች እናት በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነበር የተግባቡት፤ እሱም እሱ ነው። ሁለቱ ፈርመው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት። የእኔ እምቢታ ምን ይለውጣል ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ልናገር? ይህንንም አላሰብኩም። ያሰብኩት ከኃላፊው ጋር ነገ እንዴት እንደምውል ነው። ፈረምኩ።

ደብዳቤው "በሙከራ ጊዜዎ ላበረከቱት አገልግሎት እያመሰገንን፣ የሙከራ ጊዜዎ ማብቃቱን እንገልጻለን" ይላል። ወጣቱ አንብቦ ደስ አለው። ሙከራው አለቀ፣ ቋሚ ሆንኩ ብሎ ገባው። በማግስቱ በሰዓቱ ተነስቶ፣ ሸሚዙን ለብሶ መጣ። ጥበቃው አላስገባውም። እሱም በሩ ላይ ቆሞ እናቱ እስኪመጡ ሦስት ሰዓት ጠበቀ።

እናቱን የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። "ወንድሜ፣ አባረንሃል ማለት ይህን ያህል ይከብዳል? ቁርጡን ንገሩት፤ እሱ ቁርጥ ያለ ነገር ሲነግሩት ነው የሚገባው" አሉኝ። ወደ እሱ ዞርኩና "ሥራህ አልቋል። ነገ አትመጣም" አልኩት። "ምን አጠፋሁ?" አለኝ። "ምንም" አልኩት። "ታዲያ ለምን?" አለኝ። ዝም አልኩ። መልስ ስላጣሁ መሬት መሬት አየሁ፤ ዓይን አያይም ብለን የከሰስነው እሱን ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ባጣሁ ቁጥር አነባለሁ። ቀድሜ ማንበብ የነበረብኝን፣ አርፍጄ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ሰዎች ኦቲዝም ያለባቸውን አዋቂዎች በቪዲዮ ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ አይተው እንደማይቀርቧቸው እንደሚወስኑ አሳይቷል። የእነዚያው ሰዎች ንግግር ድምፅና ምስል ተነስቶለት በጽሑፍ ብቻ ሲቀርብ ግን ልዩነቱ ጠፋ። የምንሸሸው የተናገሩትን ሳይሆን ሲናገሩ የሚመስሉትን ነው ማለት ነው። እንግዲህ ቃለ መጠይቅ ብለን ሰው ፊት አስቀምጠን "እስቲ ራስህን ግለጽ" የምንለው ምን ለመመዘን ነው? ፋይል የሚደረድር ሰው ፋይል ሲደረድር ይታይ። በሥራው ፈትኑት።

ራሱ ኦቲዝም ያለበት ዴሚየን ሚልተን የተባለ ብሪታንያዊ ምሁርም እ.ኤ.አ. በ2012 ነገሩን ገልብጦ አስቀምጦታል፦ አለመግባባት የሁለት ወገን ነው፣ እነሱ እኛን መረዳት የሚቸግራቸውን ያህል እኛም እነሱን መረዳት ይቸግረናል ይላል። እኛ ግን በሁለት ሰው መካከል የተፈጠረውን ጉድለት ለአንዱ ብቻ አሸክመን ቅጽ ላይ 1 ብለን ሞላን።

ይህ የእኔ መሥሪያ ቤት ገመና ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብሪታንያን በመሰለ አገር እንኳ ኦቲዝም ካለባቸው አዋቂዎች ሥራ ያላቸው ከ10 ሰው 3 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን መንግሥት ያስጠናው እ.ኤ.አ. የ2024 ሪፖርት አምኗል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጸድቅ በአንቀጽ 27 ሥራን መብት አድርጎ አስቀምጦታል፤ ተገቢውን ማመቻቸት መከልከልም አድልዎ ነው ይላል። የእኔ አምፖል ማለት ነው። "እሺ፣ እሺ" እያልኩ ያላስቀየርኩት።

"አይችሉም" የምትሉኝን አልሰማችሁም። አሜሪካ ሲንሲናቲ የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረ "ፕሮጀክት ሰርች" የሚባል አሠራር አለ፤ ወጣቶቹ የትምህርታቸውን የመጨረሻ ዓመት በሥራ ቦታው ላይ ያሳልፋሉ፣ ሥራውን አብሯቸው ሆኖ የሚያለማምዳቸው ሰው ይመደብላቸዋል። በዚሁ መንገድ ቨርጂኒያ ውስጥ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። ድጋፉን ካገኙት 24 ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶች 21ዱ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሥራ ያዙ። ካላገኙት 16 ግን አንድ ብቻ። ይህን ቁጥር ያነበብኩ ሌሊት ተነስቼ ተቀመጥኩ። የእኛን ልጅ ከ21ዱ ለማድረግ የሚበቃው አንድ ሰው ነበር። በቀን ግማሽ ሰዓት አጠገቡ ተቀምጦ "በሂደት ላይ ነው ማለት እንዲህ ማለት ነው፣ ባለጉዳይ ሲጠይቅህ ወደ እኔ ላከው" የሚለው ሰው። ያ ሰው እኔ መሆን እችል ነበር። ጠረጴዛዬ ከእሱ ጠረጴዛ ስድስት እርምጃ ነው።

(ልጁ አልኩ መሰለኝ። 24 ዓመቱ ነው ብዬ ጀምሬ እኔው ልጅ አደረግኩት። ይህም ከበሽታችን አንዱ ነው።)

ወገኖቼ፣ መቅጠሩን እንኳ አንዳንዶቻችሁ ታውቁበታላችሁ። ሚያዝያ 2 በፈረንጆቹ የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን ሲደርስ ሰማያዊ ለብሳችሁ፣ አንድ ወጣት መሃል አቁማችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ። ከፎቶው በኋላ ባለው ሰኞ የት ናችሁ? ሥራ የሚጠፋው በመጀመሪያው ቀን አይደለም። አለቃ ሲቀየር፣ ጠረጴዛ ሳይነገረው ሲዛወርበት፣ በጽሑፍ ይሰጠው የነበረ ትእዛዝ በጥቅሻ ሲሆንበት ያኔ ነው። ለውጥ ካለ ቀድማችሁ ንገሩት። የምትፈልጉትን በግልጽ ጻፉለት፤ "ቶሎ" አትበሉት፣ "እስከ ዘጠኝ ሰዓት" በሉት። ሲሳሳት ሰው ፊት አትጩኹበት፣ ለብቻው ስህተቱን ንገሩት፤ ያርመዋል። ጆሮውን ሲይዝ አትሳቁ። ይህን ማድረግ ውለታ አይደለም፤ ለሁላችንም ብናደርገው ኖሮ ያች እናት ዓመት ባልተመላለሱ ነበር።

የምጽዋት ቋንቋችሁንም አስቀምጡት። "እንደው እንዳይደብረው እዚህ ይዋል" የምትሉ አላችሁ፤ ደመወዝ የሌለው ሥራ፣ ሥራ የማይመስል መዋያ። ወጣቱ የመጀመሪያ ደመወዙን የተቀበለበትን ወረቀት በፕላስቲክ ሸፍኖ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። አሳይቶኛል። ስሙ ላይ ጣቱን አድርጎ "ይኼ እኔ ነኝ" ብሎኛል።

ከሁለት ሳምንት በፊት እናቱ ጋ ደወልኩ። አሁንም ጠዋት ጠዋት ተነስቶ ሸሚዙን ይለብሳል አሉኝ። ለብሶ ይቀመጣል። አትደውሉ ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላሉም። "ስልኩን ልስጥህ?" ሲሉኝ ግን እኔው "ሌላ ጊዜ" አልኩ። ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ?

ለኮሚቴው ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ፊርማዬን አንስቻለሁ፣ ጉዳዩ እንደገና ይታይ ብያለሁ። እስካሁን መልስ የለም። ስጠይቅ ያው፣ "በሂደት ላይ ነው" ተባልኩ። ቦታው ክፍት ስለሆነ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ፈተናው በቃለ መጠይቅ መሆኑ ቀርቶ በሥራ ይሁን ብዬ ለመከራከር ተዘጋጅቻለሁ። ምናልባት አይሰሙኝም። ሠንጠረዡ ግን እስከ ዛሬ ከበሩ ጀርባ አለ፤ ፋይል የሚፈልግ ሁሉ፣ ኃላፊው ሳይቀር፣ እሱን እያየ ነው የሚያወጣው።

ባለፈው ዓርብ መብራቱን አስቀየርኩት። ሰው ከወጣ በኋላ ከሥሩ ቆሜ ሰማሁ። አይጮኽም።