ጋሻ እንዲሆኑ የተሰጣቸው አንድ ጋሻ መሬት

አንድ ሰው «እዚያ ያለው መሬት ባዶ ነው» ሲል ስሰማ ጆሮዬ ቀጥ ይላል። ማን ባዶ አደረገው? መቼ? ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም። ይህን ልማድ ያስያዘኝ የ1820 ሰፋሪዎች ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች ከብሪታንያ ተነሥተው በመንግሥታቸው ወጪ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ምሥራቃዊ ኬፕ ተሻገሩ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለነዚህ ሰዎች ሲወራ ብዙ ጊዜ የምሰማው ሁለት ዓይነት ወሬ ነው። ለአንዱ ወገን ጫካ መንጥረው አገር ያቀኑ ጀግኖች ናቸው። ለሌላው የሰው መሬት የቀሙ ሌቦች። በ2018 የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በዚያው በምሥራቃዊ ኬፕ ያለችውን ግራሃምስታውን የተባለች ከተማ ማካንዳ ብሎ ሲሰይማት ክርክሩ እንደ አዲስ ተጋጋለ። እኔ ሁለቱም ወሬ ጎደሎ ነው ባይ ነኝ። ሰፋሪዎቹ ተታለዋል። መሬቱም ባለቤት ነበረው። ሁለቱን አንድ ላይ ካላወራን ዋናው ባለዕዳ፣ ወረቀቱን የፈረመው መንግሥት፣ ከመሃል ሾልኮ ያመልጣል።

እስቲ ከመነሻው እንጀምር። በ1815 ናፖሊዮን ዋተርሉ ላይ ተሸነፈና ጦርነቱ አበቃ። የሰላሙ በረከት ግን ድሃው ቤት አልደረሰም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮችና መርከበኞች ተሰናብተው ወደየሰፈራቸው ተመለሱ። ሥራ የለም። ዳቦ ውድ ነው። ሸማኔው የእጅ ሥራውን ማሽን እየወሰደበት ነው። በኦገስት 1819 ማንቸስተር ውስጥ 60,000 ያህል ሰው የምርጫ መብት ለመጠየቅ አደባባይ ሲወጣ ፈረሰኛ ጦር ሰይፍ መዝዞ ገባበት። ወደ 18 ሰዎች ሞቱ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ።

ከዚያ እልቂት አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በጁላይ፣ የለንደን ፓርላማ 50,000 ፓውንድ መድቦ ነበር። ገንዘቡ ሰዎችን ወደ ኬፕ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ወዳለው የብሪታንያ ቅኝ ግዛት፣ ለማሻገር ነው። ሐሳቡ ለመንግሥት በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነበር። የተራበና የተቆጣ ሕዝብ ከአገር ይቀንስለታል። ስለ ሁለተኛው ወፍ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ማስታወቂያው የሚያጓጓ ነበር። መርከቡ ነጻ። ለእያንዳንዱ አዋቂ ወንድ 100 ኤከር መሬት። ለዋስትና ለአንድ ቤተሰብ 10 ፓውንድ ማስያዝ በቂ ነው፤ እሱም በኋላ በየተራ ይመለሳል። የኬፕ ገዥ የነበረው ሎርድ ቻርልስ ሶመርሴት አካባቢውን ለምለምና ውብ ብሎ አሞግሶ ጽፏል። አመልካቹ በአሥር ሺዎች ጎረፈ። ዕድሉ የደረሳቸው 4,000 ያህሉ ሎተሪ የወጣላቸው መስሏቸው ዕቃቸውን መሸጥ ጀመሩ። አናጢ ነበር፣ ጫማ ሰፊ ነበር፣ ሸማኔ ነበር፣ ሱቅ ጠባቂ ነበር። ሞፈር ጨብጦ የማያውቀው ብዙ ነው። ራሱ የማይችለውም በሎሌነት ውል ፈርሞ የሀብታም ቡድን ውስጥ ገባ። የእሱ 100 ኤከር የሚጻፈው በጌታው ስም ነበር።

100 ኤከር ስንት ነው? 40 ሄክታር ገደማ። በእኛ ልኬት አንድ ጋሻ መሬት ማለት ነው። ይህን ሳሰላ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ምክንያቱም ያ አንድ ጋሻ መሬት የተሰጣቸው ራሳቸው ጋሻ እንዲሆኑ ነበር።

አሁን ስለ መሬቱ። አካባቢው ዙርፌልድ ይባላል። ፊሽ የሚባለው ወንዝ ከምሥራቅ ያዋስነዋል። እዚያ ለዘመናት የኮይ ሕዝብና የኮሳ ሕዝብ ከብት ሲያግዱ፣ ማሽላ ሲያመርቱ ኖረዋል። በ1811 መጨረሻና በ1812 መጀመሪያ ኮሎኔል ጆን ግራሃም ጦር ይዞ ገባ። ወደ 20,000 የሚሆኑ ኮሳዎች ከወንዙ ማዶ ተባረሩ። ጊዜው ሰብሉ ማሳ ላይ ያለበት ነበር። ወታደሮቹ ሰብሉን አወደሙ፤ ጎጆውን አቃጠሉ፤ ከብቱን ነዱ። ቹንግዋ የተባለው አረጋዊ አለቃ ታሞ በተኛበት ተገደለ። በወቅቱ የኬፕ ገዥ የነበረው ሰር ጆን ክራዶክ ለለንደን ሲጽፍ፣ የፈሰሰው ደም በሰዎቹ ልብ ውስጥ ተገቢውን ሽብርና አክብሮት ለማስረጽ ከሚያስፈልገው አልበለጠም አለ። ለዚሁ ኮሎኔል መታሰቢያ የጦር ሰፈሩ ግራሃምስታውን ተባለ።

እንግዲህ «ባዶው መሬት» ይኸው ነው። ሰፋሪዎቹ ሲደርሱ ባዶ ከሆነ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር።

የተባረሩት ግን አርፈው አልተቀመጡም። ኤፕሪል 22 ቀን 1819 ማካንዳ የተባለው ነቢይና የጦር መሪ ሺዎችን አሰልፎ በጠራራ ፀሐይ ግራሃምስታውንን አጠቃ። ከተማዋን የሚጠብቀው ጦር ጥቂት መቶ ነበር፤ ግን መድፍ ነበረው። ኮሳዎቹ ብዙ ሰው አልቆባቸው ተመለሱ። ሶመርሴት ከዚህ ውጊያ በፊት ጀምሮ ለንደንን የሚወተውተው በአንድ ነገር ነበር። ወንዙ ዳር ሰው አስፍሩልኝ ይላል። ብዙ ወታደር ማቆም ውድ ነው። ቤተሰቡን ይዞ የሰፈረ ገበሬ ግን ደመወዝ አይጠይቅም፤ ቤቱን ለማዳን ሲል ድንበሩን ይጠብቃል። ሁለተኛው ወፍ ይህ ነው። ማስታወቂያው ላይ አልተጻፈም።

የመጀመሪያዎቹ መርከቦች በ1820 ኤፕሪል አልጎዋ የባሕር ወሽመጥ ደረሱ። ወደብ የሚባል ነገር የለም። ጀልባዎቹ እስከቻሉት ይጠጉና ከዚያ ወዲያ ሴቱና ሕፃኑ በስኮትላንዳውያን ወታደሮች ጀርባ ታዝለው ማዕበሉን ያቋርጡ ነበር። አሸዋው ላይ ድንኳን ተደርድሯል። በዚያው ሰሞን ተጠባባቂው ገዥ ሰር ሩፋን ዶንኪን ቦታውን በሟች ሚስቱ ስም ፖርት ኤልዛቤት አለው። ኤልዛቤት ሕንድ ውስጥ በ1818 የሞተች ወጣት ናት። ያን ዳርቻ በዓይኗ አላየችውም። ባልየው ከኮረብታው ላይ የድንጋይ ፒራሚድ አሠራላት፤ ዛሬም ቆሟል። የሰውዬው ሐዘን እውነተኛ ነበር፣ አልጠራጠርም። ግን ለሞተች ሚስቱ ይህን ያህል የሚያዝን ልብ፣ ከወንዝ ማዶ ለተባረረችው እናት ስንዝር ቦታ እንዴት እንዳጣ አስባለሁ። ዛሬ ከተማዋ ቄቤርሃ ትባላለች። ሱቅ ከፍተው እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን አሉ፤ ምናልባት ያን ፒራሚድ በየቀኑ እያዩት ያልፋሉ።

ከባሕሩ ዳር እስከተሰጣቸው ቦታ ያለው መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በበሬ የሚጎተት ጋሪ ነው የወሰዳቸው። ባለጋሪዎቹ ቦር የሚባሉ የደች ዝርያ ያላቸው የአካባቢው ገበሬዎች ነበሩ። ቦታው ሲደርሱ ሳጥኑን፣ ፍራሹን፣ ማረሻውን ሣሩ ላይ አወረዱ። ከዚያ በሬዎቻቸውን አዙረው ሄዱ። እስቲ ይህን አስቡት። ቤት የለም፣ መንገድ የለም፣ ጎረቤት የለም። ሚስትየው ሳጥኑ ላይ ተቀምጣለች፣ ልጆቹ ዙሪያዋን ናቸው፣ የጋሪው ድምፅ እየራቀ ነው። የአውራጃው ሹም ኮሎኔል ካይለር፣ ለማረስ ስትወጡ ጠመንጃችሁን ቤት አትተዉ ብሎ መከራቸው ይባላል። ብዙዎቹ ለምን እንደመጡ የገባቸው ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላም ያልተነገራቸው ነገር ነበር። ዙርፌልድ በደች ቋንቋ ጎምዛዛ ሜዳ እንደማለት ነው። ሣሩ በሙቀቱ ወራት ለከብት ይስማማል፤ ብርዱ ሲገባ ጥቅሙ ይጠፋል። ኮሳዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ከብታቸውን እንደየወቅቱ ከጎምዛዛው ሣር ወደ ጣፋጩ ሣር ያዛውሩ ነበር። ኑሯቸው ሰፊ መሬትና ነጻ መንገድ ይፈልጋል። ያን ምድር በየአንድ ጋሻው ቆርሶ አንድ ቤተሰብ በአንድ ቦታ ተክሎ ኑር ማለት መሬቱን አለማወቅ ነው። ለንደን ያለው ጸሐፊ ካርታ እንጂ ሣር አላየም። መሬቱን የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ ከወንዝ ማዶ ተባርረዋል። እውቀቱም አብሯቸው ሄዷል።

ሰፋሪዎቹ ስንዴ ዘሩ። ማሳው አማረ፣ ዛላው ወጣ፣ ከዚያ ዋግ መታው። በ1820 መታው። በ1821 መታው። በ1822ም መታው። በ1823 ደግሞ ዶፍ ጣለና ጎርፍ ጎጆውንና አትክልቱን ጠርጎ ወሰደ። ያስያዙት ገንዘብ ለቀለብ አለቀ፤ ለመንግሥት መጋዘን ባለዕዳ ሆኑ። ጥሎ መሄድ ያሰበ ሰው ይለፍ ወረቀት ያስፈልገዋል። አቤት ለማለት መሰብሰብም አልተቻለም፤ ሶመርሴት በ1822 የሕዝብ ስብሰባን ከለከለ። ሰዎቹ ማንቸስተር ላይ ሰልፈኛን በሰይፍ የጨፈጨፈ መንግሥት ካለበት አገር ነው የወጡት። ባሕር ተሻግረው ያገኙት ያንኑ መንግሥት ነው። በ1823 ከግማሽ የሚበልጡት ወንዶች የተሰጣቸውን መሬት ጥለው ወደ ከተማና ወደ ንግድ ገብተው ነበር።

እዚህ ላይ ብቆም ሰፋሪዎቹን ብቻ ያዘንኩላቸው እመስላለሁ። ታሪኩ ግን ይቀጥላል። የተበደለ ሰው በሌላው ላይ በደል አይፈጽምም የሚል ሕግ የለም።

ሁለት ሰዎችን አስቡ። ሁለቱም በ1820 የመጡ ናቸው። ቶማስ ፕሪንግል ስኮትላንዳዊ ገጣሚ ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በክራንች የሚሄድ። ኬፕ ታውን ውስጥ ከጓደኛው ጋር ጋዜጣ ማዘጋጀት ጀመረ፤ ሶመርሴት አፈናቸው። ወደ ለንደን ተመልሶ የፀረ ባርነት ማኅበሩ ጸሐፊ ሆነ፤ ስለ ኮሳዎቹና ስለ ኮይዎቹ በደልም ጻፈ። ሁለተኛው ሮበርት ጎድለንተን ነው። አታሚ ነበር፤ ይዞት የመጣውን ማተሚያ መንግሥት ነጠቀው። በኋላ ግን የግራሃምስታውን ጆርናል አዘጋጅ ሆኖ፣ ኮሳዎቹ ተጨማሪ መሬት እንዲነጠቁ ዓመታት ሙሉ ጎተጎተ። መነጠቅ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው እንግዲህ። ያው ስደት፣ ያው ችግር ሁለት ዓይነት ሰው አወጣ። ስለዚህ «ዘመኑ ነው፣ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም» የሚለው ማስተባበያ አይዋጥልኝም። ፕሪንግልም የዚያው ዘመን ሰው ነው።

የበግ ሱፍ ትርፍ ማስገኘት ሲጀምር የመሬት ጥሙ ባሰ። በ1834 ጦርነት ተነሣ። በ1835 የኮሳ ንጉሥ ሂንሳ በእንግሊዞች እጅ እያለ ተገድሎ ጆሮው ተቆረጠ። ከዚያም በኋላ ጦርነት ቀጠለ። በ1857 ደግሞ ከብት በማረድና እህል በማጥፋት ነጻ እንወጣለን ብለው የታመኑ ኮሳዎች በረሃብ አለቁ፤ የሞቱት ወደ 40,000 ይገመታሉ። የተረፉት በገዛ አባቶቻቸው መሬት ላይ ለሰፋሪው ልጅ ቅጥር ሆኑ።

ዛሬ ከቀድሞዋ ግራሃምስታውን በላይ ኮረብታው ላይ የ1820 ሰፋሪዎች መታሰቢያ የተባለ ትልቅ ሕንጻ አለ። በ1974 ነው የተመረቀው። ይፍረስ የሚሉ አሉ። እኔ አይፍረስ እላለሁ። ግን መግቢያው ላይ ስለ 1812 በትልቁ ይጻፍ። ስለ ዋጉም፣ ስለ ይለፍ ወረቀቱም ይጻፍ። የከተማዋ ስም ወደ ማካንዳ መቀየሩንም እደግፋለሁ። ሰብል አቃጥሎ ሕዝብ ያባረረ ኮሎኔል ስም ላይ ለ200 ዓመት ደብዳቤ ሲላክ ኖሯል፤ ይበቃል።

ስለ ማካንዳ አንድ ነገር ሳልናገር አልጨርስም። ከሽንፈቱ በኋላ ለሕዝቡ ሰላም እንዲገኝ ብሎ በገዛ እግሩ ሄዶ እጁን ሰጠ። ሮቤን ደሴት አሰሩት። በ1820 ከሰፋሪ መርከቦች አንዳንዶቹ ኬፕ ታውን ፊት ለፊት መልሕቅ ሲጥሉ፣ እሱ እዚያው ባሕር ውስጥ ደሴቷ ላይ እስረኛ ነበር። ማን እንደሆነ የነገራቸው ሰው የነበረ አይመስለኝም። በዚያው ዓመት በጀልባ ሊያመልጥ ሲሞክር ሰጠመ። ሕዝቡ አላመነም። ሌላው ስሙ ንኬሌ ነበር፤ ግራኝ ማለት ነው። ዕቃውንና ጌጡን ይመለሳል ብለው እስከ 1873 ድረስ አስቀመጡለት። ኮሳዎች እስከ ዛሬ፣ ተጠብቆ የማይመጣ ነገር ሲሆንባቸው፣ «የንኬሌ መምጣት» ይላሉ።