አሮጌ ዕቃ፣ አዲስ ቀለም

እዚህ ውጭ አገር ደጅ የሚጣለውን የቤት ዕቃ እያየሁ እገረማለሁ። ሙሉ እንጨት የሆነ ኮመዲኖ፣ የመሳቢያው ማዕዘን ጥርስ ለጥርስ ገጥሞ ያለ አንዲት ሚስማር የቆመ፣ ፋሽኑ አለፈ ተብሎ ይወጣል። ሌላው ደግሞ ያንኑ አንስቶ ቀለም ይቀባና ፎቶውን ይለጥፋል፤ የቀለሙ ጣሳ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ካለበትማ እንደ ጽድቅ ይቆጠርለታል። አገር ቤት አሮጌ ዕቃ ማደስ የኖረ ነገር ነው። አናጢ ይጠራል፣ የላላው እግር ይመታል፣ ቫርኒሽ ይደገማል፤ አካባቢን ጠበቅሁ ብሎ የፎከረ ግን አላየሁም። (አሁን አሁን ሙሉ እንጨቱን እያወጣን ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ቺፑድ ማስገባቱን ተያይዘነዋል። እሱ ሌላ ቁጭት ነው።)

በማደሱ የአገሬን ሰው አስቀድማለሁ፤ ቀለሙ ላይ ግን ለፈረንጆቹ አደላለሁ። የእኛ ቀቢ ዘይት ቀለሙን በአኳራጅ አቅጥኖ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አፍንጫውን ሳይሸፍን ይውላል። ማታ ራሱን ሲያመው «ድካም ነው» ይላል። ድካም ብቻ አይደለም፤ ከቀለሙ የሚተነው ኬሚካልም አለበት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ኬሚካል ልክ አበጅቶለታል። ከ2010 ወዲህ ለቤት እንጨትና ብረት የሚሆን ቀለም፣ በውሃ የተሠራ ከሆነ በሊትር ከ130 ግራም፣ በማሟሟያ የተሠራ ከሆነ ከ300 ግራም መብለጥ የለበትም። «ተስማሚ» የሚለው ቃል ለእኔ ብዙ አይነግረኝም፤ ጣሳው ላይ በግራም የሰፈረውን ቁጥር ነው የማየው።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ የሚዘነጉት ነገር አለ። የከፋው አደጋ ከአዲሱ ቀለም ሥር ያለው አሮጌው ሊሆን ይችላል። አሜሪካ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ በኢትዮጵያ የእርሳሱን መጠን በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) የሚገድበው ደንብ ደግሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ቁም ሳጥን በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ፣ የሚቦነው አቧራ የልጅን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ማስመርመር ነው፤ ካልተቻለ ጨርሶ አለመፋቅ።

ሥራው ላይ ስንመጣ፣ መልኩ ያማረ እንጨት ግራጫ ሲቀባ ማየት ያመኛል። ቀቡ ካላችሁ ግን፣ ጠቆር ያለ እንጨት ላይ በውሃ የተሠራ ነጭ ቀለም ስትቀቡ ቡናማ እድፍ ብቅ ሊል ይችላል። ብትደርቡበትም ይመለሳል፤ ከእንጨቱ የሚወጣ ታኒን የሚባል የተፈጥሮ ንጥረ ነገር ነውና። የሚያስቆመው ከሥር የሚቀባ ሼላክ ነው፤ ነፍሳት የሚያመነጩት ሙጫ በአልኮል ተሟሙቶ ማለት ነው። ቀለሙ በሰዓታት ውስጥ ለእጅ ቢደርቅም እስኪጠነክር ሳምንታት ይፈልጋል። ጥፍር ጫን ሲያደርጉበት ምልክት የሚይዝ ከሆነ፣ የአበባ ማስቀመጫው ትንሽ ይቆይ።