ደግ ሰው ካሜራውን አይረሳም

ዛሬ ላመሰግን ነው የመጣሁት። ሰው ሁሉ «ደግነት ጠፋ» እያለ ያማርራል። የት ይጠፋል? ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ በር ላይ ቆማችሁ እዩ እንጂ! ደግነት በመኪና ተጭኖ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ፣ ስሙን በትልቅ ባነር አሳትሞ ይመጣል።

ልደቱን ሊያከብር የሚመጣ አለ። የመሥሪያ ቤቱን የምሥረታ በዓል የሚያከብርም አለ። ሕፃናቱ ይሰለፋሉ። የእንግዳ መዝሙራቸውን በቃላቸው ይወጡታል፤ ባለፈው ሳምንት ለሌላ እንግዳ ዘምረውታላ። ከዚያ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ከሰልፉ ተነጥላ ትሮጥና፣ አይታው የማታውቀው ሰውዬ አንገት ላይ ጥምጥም ትላለች። ሰውዬው እንባ ይተናነቀዋል። «ገና ስታየኝ ወደደችኝ!» ደግነቱ፣ ይህን ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው አስቀድሞ ተመድቧል።

እዚህ ጋ ባለሙያ የሚባሉ ሰዎች ደስታችንን ሊያበላሹ ይሞክራሉ። ቋሚ አሳዳጊ ያጣ ሕፃን ያገኘው ሰው ላይ ሁሉ ሊጠመጠም ይችላል፣ ይህ የመጎዳት ምልክት ሊሆን ይችላል ይሉናል። በሮማኒያ ዋና ከተማ በቡካሬስት፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ፣ ማሳደጊያ ውስጥ የነበሩ 136 ሕፃናትን ለዓመታት ተከታትለዋል። ግማሾቹ በዕጣ ተመርጠው አደራ ቤተሰብ፣ ማለትም የሰው ልጅ ተቀብሎ እቤቱ የሚያሳድግ ቤተሰብ ዘንድ ገቡ። የገቡትም በአእምሮ ዕድገት፣ ከሰው ጋር በመተሳሰርም ከቀሩት ተሻሉ፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት። ጥሩ ጥናት ነው፤ አልካድንም። ግን ስንት ላይክ ያስገኛል?

ደግሞ እነዚህ ልጆች እናት አባት የሌላቸው ይመስለናል። በዓለም ዙሪያ በየማሳደጊያው ካሉት ሕፃናት አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጃቸው በሕይወት አለ። እናትየው አልሞተችም፤ ቸግሯት ነው። ልጇን ቀን ቀን የምታቆይበት አጥታ ሥራ መግባት አልቻለችም። ወይም የቤት ኪራይ ተደራርቦባታል። ወይም ልጁ አካል ጉዳተኛ ሆኖ የሚቀበለው ትምህርት ቤት ጠፍቷል። ይህች ሴት ጎረቤታችን ነበረች። በራችንን ስታንኳኳ ዝም አላልንም፤ ከንፈራችንን መጠናል። እሷም ጨነቃት፤ «እዚያ እንኳ ይማርልኛል» ብላ ልጇን አስረክባ ተመለሰች። ይኸው አሁን ልጇን ለመጠየቅ ከተማ አቋርጠን እንሄዳለን። የእሷ ቤት ከእኛ ቤት ሁለት በር ቢርቅ ነው። እሱ ደግሞ ምኑ ጉዞ ይባላል?

ስሌታችንም አይታማም። አንድን ልጅ ማሳደጊያ ውስጥ ማኖር፣ እቤቱ እያለ ቤተሰቡን ከመደገፍ ብዙ እጥፍ ያስወጣል። ስለዚህ ውዱን መረጥን። ለልጅ ርካሽ ነገር አይገዛም!

አንዳንድ ቦታማ ደግነታችን የሥራ ዕድል ፈጥሯል። ገንዘብ የሚመጣው በልጅ ቁጥር ከሆነ አልጋ ባዶ ማደር የለበትም። ደላላው ወደ ገጠር ይወርዳል። «ልጃችሁን በነፃ እናስተምርላችሁ» ይላል። ወላጅ ያምናል። ልጁ ይመጣል፤ አባትየው ወረቀት ላይ ይሞታል። እኛ ባነራችንን ይዘን ከተፍ! የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ባጸደቀው መመሪያ፣ ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመለየት ምክንያት ሊሆን አይገባም ብሎ ነበር። አላረፈም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የማሳደጊያ ጉብኝትና በጎ ፈቃደኝነት ለሕፃናት ዝውውርና ብዝበዛ በር ሊከፍት ይችላል ሲል አስጠነቀቀ። ምቀኝነት እዚያም ደርሷል ማለት ነው።

ስለ ፎቶው ሳላመሰግን አላልፍም። ያ ደግ ሰው የራሱን ልጅ ፎቶ ሲለጥፍ ፊቷን በኢሞጂ ይሸፍናል። አባት ነዋ፤ ዘመኑ ከፍቷል። ትምህርት ቤቱ ሳያስፈቅደው ፎቶዋን ቢያወጣ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄዶ ያዙኝ ልቀቁኝ ይላል። የማሳደጊያዋን ልጅ ግን ከነንፍጧ፣ ከነስሟ፣ እናቷ ምን ሆና እንደጣለቻት ከሚተርክ ጽሑፍ ጋር ለዓለም ይለቃታል። አንጀት ትበላለች በሚል ሦስቴ ተመርጣ ነው የወጣችው። ስታድግ ስሟን ፈልጋ ብታገኘው ምን ትል ይሆን? መቼም ታመሰግነዋለች።

ጨዋነታችንንም ልጨምር። ከበረንዳችን ማዶ፣ ሌላው ልጅ ክፍል ውስጥ በሚቀመጥበት ሰዓት፣ አንዲት ልጅ የሰው ልብስ ታሰጣለች። ገመዱ አይደርስላትም፤ ባልዲ ገልብጣ ትቆምበታለች። «ዘመዳቸው ናት፤ እያስተማሯት ነው» ተብለናል። የማታ ነው የቀን የሚለውን አልጠየቅንም። ሰው ቤት ገብቶ መፈትፈት ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ላይ ወደ 138 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት የጉልበት ሥራ ላይ እንደነበሩ የዓለም የሥራ ድርጅትና ዩኒሴፍ አስታውቀዋል። ይህንን ዜና ሼር አድርገነዋል። ከነአልቃሻው ኢሞጂ። እዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጠን።

በቅርቡ አንድ ነገረኛ ወዳጃችን ሐሳብ አመጣ። ዘንድሮ የመኪናውን፣ የቲሸርቱንና የባነሩን ወጪ ሰብስበን ለዚያች ጎረቤታችን ኪራይና የልጅ ማቆያ እንክፈልላት፣ ልጇም ይመለስላት፣ እኛም ተራ እየገባን እንያዝላት አለ። ስብሰባ ተቀመጥንበት። ችግሩ ብዙ ነው። ባነሩን የምንሰቅልበት ግድግዳ የላትም። መዝሙር አታውቅም። ፎቶ ላይ ደግሞ ፊቷን ታዞራለች። ከሁሉ የከፋው፣ በዓመቱ ለጉብኝት ብንሄድ ሥራ ላይ ትሆንና በር የሚከፍትልን እናጣለን።