ካፖርቱ ለማኪንቶሽ፣ ፓተንቱ ለሃንኮክ

እንግሊዞች የዝናብ ካፖርትን እስከ ዛሬ «ማክ» ይሉታል። ስሙን ያገኘው ከግላስጎው ኬሚስት ከቻርለስ ማኪንቶሽ ነው። የማንቸስተሩ የማኪንቶሽ ጎማ ፋብሪካ ታሪክ ሲነሳ ግን እኔን የሚገርመኝ ሸሪኩ ቶማስ ሃንኮክ ነው። ጎበዝነቱን ማንም አይክድም። ንጹሕነቱ ላይ ነው ጥያቄ ያለኝ።

ማኪንቶሽ በ1823 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ያወጣበት ዘዴ ቀላል ነው። ከድንጋይ ከሰል ጋዝ ሲመረት ሬንጅ ይተርፋል። ከሬንጁ ናፍታ የሚባል ፈሳሽ (የመኪናው ናፍጣ አይደለም) ይወጣል፣ ናፍታው ጎማ ያሟሟል። የሟሟው ጎማ በሁለት ጨርቅ መሃል ሲቀባ ውሃ የማያስገባ ልብስ ይሆናል። ልብሱ ግን ጣጣው ብዙ ነበር። ይሸታል። በብርድ እንደ ቆርቆሮ ይደርቃል፣ በሙቀት ይጣበቃል። ልብስ ሰፊው መርፌውን ባሳለፈበት ሁሉ ደግሞ ዝናብ ይገባል።

ሃንኮክ ለንደን ውስጥ ጎማ እየቆረጠ ለጓንትና ለጫማ የሚሆን ላስቲክ ይሠራ ነበር። የሚተርፈው ቁርጥራጭ አስቸገረው። በ1820 ገደማ ውስጡ ጥርስ ያለው ሲሊንደር ሠርቶ ቁርጥራጩን ከተተና በእጁ አዞረው። ይበጣጠሳል ብሎ ሲጠብቅ ሞቅ ያለ አንድ ወጥ ድቡልቡል ሆኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ ብክነት ቀረ። ፓተንት ግን ቶሎ አላወጣለትም። ፓተንት ማለት ሚስጥርን በአደባባይ መጻፍ ነዋ! ሌላ ሰው እንዳይነቃበት ማሽኑን «ፒክል» (በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ አትክልት ማለት ነው) የሚል ማሳሳቻ ስም ሰጠው።

አሁን ወደ 1842 እንምጣ። አሜሪካዊው ቻርለስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋር ማጋል ጠባዩን እንደሚያስተካክለው ደርሶበታል። ስቲቨን ሞልተን የሚባል ሰው ገዢ ለመፈለግ ናሙናውን ይዞ እንግሊዝ ገባ። ቁራጩ ዞሮ ዞሮ ሃንኮክ እጅ ደረሰ። በኅዳር 1843 ሃንኮክ የእንግሊዙን ፓተንት አስመዘገበ። ጉድይር ዘግይቶ ቀረ።

ሃንኮክ ናሙናውን ማየቱን ኋላ ራሱ ጽፏል። በኬሚካል አልመረመርኩትም ነው ያለው። ይሁን። ሃያ ዓመት ከጎማ ጋር የኖረ ሰው ግን ድኝ ለማሽተት ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ሌባ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ድኝ እንዳለበት ማወቅና ስንት ሙቀት፣ ለስንት ሰዓት የሚለውን ማግኘት ለየቅል ናቸው። ያንን በራሱ ልፋት አገኘው። የራሱን ሚስጥር ያን ያህል የጠበቀ ሰው የሌላውን ሲያገኝ አለማመንታቱ ነው የማይዋጥልኝ።

ፋብሪካው በዚህ ፓተንት ተጠቀመ፣ ካፖርቱም ከመጣበቅ ዳነ። ጉድይር በ1860 ዕዳ እንዳለበት ሞተ። ናሙናውን ያመጣው ሞልተን በ1848 ብራድፎርድ ኦን ኤቨን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የራሱን የጎማ ፋብሪካ ከፈተ። እነሃንኮክ ፓተንታችንን ጣስክ ብለው ፍርድ ቤት አቆሙት።