አምስት ልጆች የራሳቸውን ዘፈን የት ይጫወቱ?

ፈንድቃ የሚባለው የአዝማሪና የሙዚቃ ቤት ከካዛንቺስ ከተነሳ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ አምስት ወጣቶች ተሰባስበው የራሳቸውን ዘፈን ቢሠሩ፣ በየሳምንቱ የት ይጫወቱታል? ሠርግ ላይ ማለቴ አይደለም። የሌላ ሰው ዘፈን እየደገሙ ማለቴም አይደለም። የራሳቸውን፣ ገና ማንም ያልሰማውን ዘፈን።

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ግን የሀገራችን የባንድ ታሪክ የተሠራው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

በንጉሡ ዘመን ትልልቆቹ ባንዶች የመንግሥት ነበሩ። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ጦር ሠራዊት፣ ማዘጋጃ ቤት። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነው። መሣሪያውም የመሥሪያ ቤቱ ነው። ኋላ ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች የራሳቸውን ባንድ ማጫወት ሲጀምሩ ነው ነገሩ የተቀየረው። አይቤክስ ባንድ ራስ ሆቴል ገባ። ዋልያስ ባንድ ሂልተን ገባ። የዋልያስ ልጆች ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር አደረጉ፤ መሣሪያቸውን ራሳቸው ገዙ። መሣሪያው የቤቱ ባለቤት ንብረት ከሆነ ባለቤቱ ደስ ባላለው ቀን ባንዱ ይበተናል። የራስህ ከሆነ ግን ይዘኸው ትወጣለህ፣ ሌላ በር ታንኳኳለህ። ነፃ ባንድ ማለት ለእኔ መጀመሪያ ይኼ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ቋሚ ቤት ነው። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ ታዳሚው መውጣት አይችልም፤ እዚያው ያነጋል። ባንዱም አብሮ ያነጋል። ዘመኑ ከባድ ነበር፣ ማንም አይመኘውም። ሙዚቀኛው ግን በየሌሊቱ ሰዓታት ሙሉ ይጫወት ነበር። ቤዙና ድራሙ ሳይተያዩ ይግባባሉ። ኪቦርዱ የት እንደሚገባ ጊታሩ ቀድሞ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን የዋልያስን «ቼ በለው» ስትሰሙ ይኼ ሁሉ ሌሊት ይሰማችኋል። አይቤክስም ያለ ድምፃዊ የተጫወቱትን ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ1976 የቀዱት እዚያው በሚጫወቱበት ራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ያ አዳራሽ ልምምዳቸው፣ መድረካቸውና ስቱዲዮአቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሥራ አሜሪካ ሄዱ፤ ኪቦርድ ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ገሚሶቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ ለዓመታት ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ። እዚህ ደግሞ ኪቦርድና የድራም ማሽን ቀስ በቀስ የሰውን ቦታ ያዙ። ካሴት ለማውጣት አንድ አቀናባሪና አንድ ድምፃዊ በቂ ሆኑ። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፤ አልፈርድም። ግን ባንድ የሚባለው ነገር ከዘፋኝ ጀርባ የቆመ ሰልፍ ሆኖ ቀረ። ዛሬም ሬዲዮ ላይ የዘፋኙ ስም ይጠራል፤ ጊታሩን ማን እንደመታው የሚነግረን የለም።

ሮክ አይሆንልንም የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ የሚጮህ ጊታር ከእኛ ቅኝት ጋር እንዴት እንደሚስማማ በደንብ አሳይቷል። ሴቶችና ወንዶች ድምፃውያን እኩል ከፊት ቆመው፣ ባንዱ በአንድ ሰው ስም ሳይሆን በራሱ ስም ተጠርቶ። ከዚያ በፊትም የሆላንዱ የፓንክ ባንድ ዘ ኤክስ ከጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ጋር ገጥሞ እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ»ን ሠርቷል። ጌታቸው በዚያ ዕድሜው ከእነዚያ ጩኸታም ጊታሮች ጋር የተጫወተው ምንም ሳይከብደው ነው። ሽለላና ፉከራ የሚያውቅ ሰው ፓንክ አያስደነግጠውም። ታዲያ ችግሩ ቅኝቱም ጆሮአችንም አይደለም።

ጃኖ ግን ከጀርባው አቅም ያለው አስተዳዳሪ ነበረው። አልበሙን ያዘጋጀውም ከአሜሪካ የመጣው ቢል ላስዌል ነው። ያን ዓይነት ዕድል በየመንደሩ አይገኝም። ቤተሰቡ ሳሎን ውስጥ ለሚለማመደው ልጅ የሚያስፈልገው ከዚያ በጣም ያነሰ ነገር ነው፤ መቶ ሰው የሚይዝ ክፍልና የማይቀየር ቀን።

ፈንድቃ ይኼን ነበር የሚሰጠው። መላኩ በላይ እዚያው አዝማሪ ቤት እየጨፈረ፣ በሽልማት ብር እየኖረ ነው ያደገው። ኋላ ቤቱን ራሱ ተከራይቶ አቆመው። ኢትዮከለር ባንድ የወጣው ከዚያ ነው፤ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ይዞ ዓለምን የዞረ ባንድ። አንድ ቀን የባህል ሙዚቃ፣ ሌላ ቀን ጃዝ፣ ሌላ ጊዜ ከውጭ የመጣ እንግዳ ይጫወታል። ሥዕልም፣ ግጥምም ነበረ። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ከሙዚቀኛው ፊት ሸሽተህ የምትቀመጥበት ጥግ አልነበረም። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለመልሶ ማልማት ሲነሳ ያ ቤትም ተነሳ። ከዚያ ቀደም በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል እዚያው የነበረው የጃዝ ቤት ጃዝአምባ አብሮ ተቃጥሏል። ሁለቱም ቤቶች በትልቅ ገንዘብ የተሠሩ አልነበሩም። ሁለቱንም ያቆማቸው በየሳምንቱ የሚመጣ ሰው ነው።

ዩቲዩብ አለ አይደል የሚል ይኖራል። አለ፤ ጥሩም ነው። ግን ዩቲዩብ ላይ የሚወጣው ያለቀ ዘፈን ነው። ባንድ የሚሠራው ዘፈኑ ገና ሳያልቅ፣ ሰው ፊት ተጫውቶት፣ ሁለተኛው ግጥም ላይ ታዳሚው ወሬ ሲጀምር አይቶ፣ ሄዶ ሲያስተካክለው ነው። ይህ በካሜራ ፊት አይሆንም። ደግሞ ብሩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከተዳከመ በኋላ ጊታር፣ አምፕና ሲምባል መግዛት ለአንድ ወጣት ምን ያህል እንደሚከብድ መናገር አያስፈልግም። መሣሪያ ያለው ቤት ከሌለ ብዙዎቹ ከመጀመራቸው በፊት ያቆማሉ።

የከተማ አስተዳደሩን የምጠይቀው ሐውልት ወይም ትልቅ አዳራሽ አይደለም። ትልቅ አዳራሽ በዓመት ጥቂት ጊዜ ለኮንሰርት ይከፈታል፤ ከዚያ ይቆለፋል። የምጠይቀው በካዛንቺስና በሌሎቹ የፈረሱ ሰፈሮች ከሚነሱት ሕንፃዎች አንዳንዶቹ ምድር ቤታቸው ላይ ድምፅ የማያወጣ አነስተኛ ክፍል እንዲኖራቸው ነው፤ ኪራዩም ሙዚቀኛ በሚችለው ዋጋ። ድምፅ እንዳይወጣ ሆኖ ከተሠራ ጎረቤትም አይረበሽም። ሰፈሩን ሠርቶ የጨረሰ መሐንዲስ በኋላ ግድግዳ አፍርሱ ቢባል አይሆንለትም። መነገር ያለበት አሁን ነው፣ ፕላኑ ሳይዘጋ።

ሆቴልና ባር ላላችሁ ደግሞ የምለው አለኝ። ዓርብና ቅዳሜ ገበያችሁ ነው፣ አልነካም። ሰኞን ወይም ማክሰኞን ስጡ። ሳውንድ ሲስተሙ ተሰክቶ ነው የሚያድረው፤ ወንበሩም ባዶ ነው። ለአንድ ባንድ ለሦስት ወር ስጡት፣ ለአንድ ምሽት ብቻ ሳይሆን። በር ላይ የሚገባውን ብር ለልጆቹ ተዉላቸው፤ መጠጡ ለእናንተ ይሁን። አንድ ውል ብቻ አስገቡበት፤ ከሚጫወቱት ግማሹ የራሳቸው ዘፈን ይሁን። መጀመሪያው ሳምንት አሥራ አምስት ሰው ቢመጣ አትዝጉት። ያ አሥራ አምስት ሰው በሁለተኛው ሳምንት ጓደኛውን ይዞ ይመጣል።